የዋሽንግተን ሐውልትን ላይ ድረስ ወጥቶ ለማየት፦ ከትኬቱ እስከ ሙዚየሙ ደረጃ በደረጃ

ዘመድ ከአገር ቤት ዋሽንግተን ዲሲ ሲመጣ ቤተሰቡ ከሁሉ አስቀድሞ ቃል የሚገባው ወደ ሐውልቱ ጫፍ መውጣትን ነው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሁሉም ለባብሶ ይሄዳል፤ ሐውልቱ ሥር ሲደርስ «የዛሬው ትኬት አልቋል» ይባላል። እናትና አባት ከታች ፎቶ ተነሥተው ይመለሳሉ። ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ዕድል የለም፤ የመመለሻው በረራ ቀን ተቆርጧል።

እዚህ ጉብኝት ላይ ገንዘብ ችግር አይሆንም። መግቢያው ነጻ ነው፤ በኢንተርኔት ለሚያዝ ትኬት ብቻ በነፍስ ወከፍ 1 ዶላር የአገልግሎት ክፍያ አለ። ሰው የሚያመልጠው ትኬቱ የሚለቀቅበትን ቀንና ሰዓት ስለማያውቅ፣ ሰዓቱን ከእኛ አቆጣጠር ጋር ስለሚያምታታ፣ ወይም የማይገባ ዕቃ ይዞ በር ላይ ስለሚቀር ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከዝግጅቱ ላይ ረዘም ይላል።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት

ሐውልቱን የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት ነው። በመደበኛው ጊዜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት (በፈረንጆቹ ከ9 እስከ 5) ክፍት ነው። ወደ ላይ የሚወጣው በሊፍት ብቻ ነው፤ ደረጃው ለሕዝብ ዝግ ስለሆነ «ሊፍቱ ከሞላ በእግሬ እወጣለሁ» ማለት አይቻልም። ላይ ሁለት ፎቅ ታያላችሁ፦ በ500 ጫማ (152 ሜትር ገደማ) ከተማውን የምታዩባቸው መስኮቶች፣ ከሥሩ በ490 ጫማ ደግሞ ትንሿ ሙዚየም። ዕድሜው 2 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ሁሉ የራሱ ትኬት ያስፈልገዋል። የታቀፈ ልጅም ሁለት ዓመት ከሞላው ይቆጠራል፤ ቤተሰብ በር ላይ ከሚጣላባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

1. ቀኑን ምረጡ

መጀመሪያ ዝግ የሆኑትን ቀኖች አስወጡ። ዲሴምበር 25 እና ጁላይ 4 ዝግ ነው። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ስለሚውል በዚያ ምክንያት አይዘጋም፤ እንዲያውም የፈረንጆቹ ዕረፍት አልቆ ሰው ስለሚሳሳ ጥሩ ጊዜ ነው። ጁላይ 4 ግን ልብ በሉ፦ በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት በዓል የሚውለው በዚያው ሳምንት ነው። በዓሉ ወደ ዲሲ አካባቢ በመጣበት ዓመት እንግዳ ይዛችሁ ከሆነ ሐውልቱን ከጁላይ 4 ራቅ ባለ ቀን ያዙት።

ከእነዚህ ሌላ በወር አንድ ቀን ለጥገና ይዘጋል። ያ ቀን በፓርክ አገልግሎቱ ድረ ገጽ፣ በሐውልቱ ገጽ ላይ ይወጣል። የፌዴራሉ መንግሥት በጀት ሳይጸድቅ ቀርቶ ሥራ ሲቆም ደግሞ ሐውልቱም ይዘጋል፤ ዜናው እንዲህ ያለ ነገር ሲያወራ ትኬት ቢኖራችሁም ገጹን ሳታዩ ከቤት አትውጡ።

ከማርች መጨረሻ እስከ ኦገስት ያለው ጊዜ ጭንቅንቅ ነው። የቼሪ አበባ ሲፈካ፣ ቀጥሎ ከየክፍለ ግዛቱ የተማሪ አውቶቡሶች ሲጎርፉ፣ ከዚያም የአሜሪካ በጋ (ከጁን እስከ ኦገስት ያለው ሞቃት ወቅት) ዕረፍት ሲገባ ትኬት በደቂቃዎች ሊያልቅ ይችላል። የእኛ ፋሲካም ሰሞን እዚሁ ውስጥ ይወድቃል። ምርጫ ካላችሁ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ያለውን ቀን ውሰዱ።

እንግዳው ባረፈ በማግስቱ ቀጠሮ አትያዙ። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ለጥቂት ቀናት እንቅልፉ ይዛባል፤ ከሰዓት በኋላ ዓይኑ ይከደናል። ቢያንስ ሦስተኛውን ወይም አራተኛውን ቀን አድርጉት፣ የጠዋቱንም ሰዓት ምረጡ። የአገር ቤት ሰው በዚያ ሰሞን ከሌሊቱ ጀምሮ ነቅቶ ስለሚጠብቅ ጠዋት አይከብደውም።

2. ቀንና ሰዓቱን በወረቀት ላይ ቀይሩ

ይህን ደረጃ አትዝለሉ። በእኛ ሰዎች ዘንድ ትኬት የሚበላሽበት ትልቁ ምክንያት እዚህ ነው።

- ትኬቱ ላይ «10 ኤ.ኤም.» ካለ በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ለወላጆቻችሁ በስልክ «10 ሰዓት ላይ» ካላችኋቸው የሚጠብቁት ከሰዓት በኋላ ነው። ሁልጊዜ «ጠዋት 4 ሰዓት» ብላችሁ ንገሯቸው።
- «12 ፒ.ኤም.» ማለት ቀትር፣ በእኛ 6 ሰዓት ነው። እኩለ ሌሊት አይደለም።
- አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ። 05/06 ሜይ 6 ነው፤ ጁን 5 ብላችሁ እንዳታነቡት።
- እንግዳው የሚነግራችሁ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ቀይሩት። ግንቦት 1 ማለት ሜይ 9 ነው።

ትኬቱ የሚለቀቀው ከጉብኝቱ 30 ቀን በፊት፣ በዋሽንግተን ሰዓት ከጠዋቱ 10 ኤ.ኤም. ላይ ነው። በየቀኑ አንድ አዲስ ቀን ይከፈታል። ለሜይ 9 የምትፈልጉ ከሆነ የምትነሡት ኤፕሪል 9 ጠዋት ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 1 ማለት ነው።

ትኬቱን አዲስ አበባ ሆኖ የሚይዝ ዘመድ ካለ የሰዓቱ ልዩነት ሁልጊዜ አንድ አይደለም። አሜሪካ ሰዓቷን ከማርች ሁለተኛው እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ወደፊት ትገፋለች። በዚያ ወቅት የዋሽንግተን 10 ኤ.ኤም. በአዲስ አበባ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ በቀሩት ወራት ደግሞ ከምሽቱ 12 ሰዓት። በክረምቱ ሰዓት ለምዶ በኤፕሪል 12 ሰዓት ላይ የገባ ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ዘግይቷል፤ የሚያገኘው ባዶ ገጽ ነው።

3. አካውንቱን ከሳምንት በፊት ክፈቱ

ትኬቱ የሚያዘው ሪክሪኤሽን ዶት ጎቭ በተባለው የፌዴራል መንግሥት ገጽ ላይ ነው። ሌላ ገጽ አትጠቀሙ። ስትፈልጉ ከላይ የሚመጡት አንዳንዶቹ ማስታወቂያዎች ትኬቱን ከአስጎብኚ ጋር አጣምረው በብዙ ዶላር የሚሸጡ ድርጅቶች ናቸው። ለመግቢያው ብቻ በነፍስ ወከፍ ከ1 ዶላር በላይ ከተጠየቃችሁ የተሳሳተ ቦታ ናችሁ።

ሀ. በኢሜይላችሁ አካውንት ክፈቱ፤ ኢሜይሉን አረጋግጡ።

ለ. ስማችሁን በፓስፖርት ወይም በመንጃ ፈቃድ ላይ እንዳለው ጻፉ። የአባትና የአያት ስም ቦታ መለዋወጥ በእኛ ስሞች ላይ የተለመደ ነው፤ ሠራተኛው መታወቂያ ቢያይ ስሙ መመሳሰል አለበት።

ሐ. የባንክ ካርዳችሁን ቁጥርና የክፍያ አድራሻችሁን አዘጋጁ። ከኢትዮጵያ የወጣ ካርድ እንቢ ካለ በዋናው ቀን ከእሱ ጋር አትታገሉ፤ አሜሪካ ያለ ዘመድ በራሱ አካውንት ይያዝላችሁ።

መ. የዋሽንግተን ሐውልትን ገጽ ፈልጋችሁ አስቀምጡት። የቀን መቁጠሪያው፣ የሰው ብዛት መሙያውና የሰዓቱ ዝርዝር የት እንዳለ አስቀድማችሁ እዩ። በዋናው ቀን እነዚህን ስትፈልጉ ነው ሌላው ሰው የሚቀድማችሁ።

4. ትኬቱን ያዙ

1. ከ10 ደቂቃ በፊት አካውንታችሁ ውስጥ ግቡ። ስልክም ኮምፒውተርም ካለ ኮምፒውተሩን ምረጡ።
2. የሰው ብዛት ቁጠሩ። አንድ ሰው የሚይዘው እስከ 6 ትኬት ነው። ሰባትና ስምንት ከሆናችሁ ሁለት ሰው በሁለት አካውንት፣ ለተመሳሳይ የመግቢያ ሰዓት ይሞክር። ሰዓቱን አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ሁለተኛ ምርጫም ይኑራችሁ።
3. ልክ ሰዓቱ ሲሞላ ገጹን አድሱ፣ ቀኑን ጫኑ፣ ብዛቱን ሙሉ፣ ሰዓቱን ምረጡ። ብዛቱን ሳትሞሉ ሰዓት ከመረጣችሁ ለሁላችሁም የማይበቃ ሰዓት ልትይዙ ትችላላችሁ።
4. ወዲያው ክፈሉ። የገጹ የግዢ ጋሪ ትኬቱን የሚይዝላችሁ ለጥቂት ደቂቃ ነው። «ወንድሜን ልጠይቀው» ብላችሁ ከስልክ ስትመለሱ ይለቃል።
5. ማረጋገጫው ኢሜይል እስኪመጣ ገጹን አትዝጉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሰዎቹን ቁጥር አንብቡ። ትኬቱን በስልካችሁ ላይ አስቀምጡና አንድ ቅጂ አትሙ።

የእንግዳው በረራ ገና እርግጠኛ ካልሆነ ሁለት የተለያዩ ቀኖች መያዝ ትችላላችሁ። ክፍያው የማይመለስ ቢሆንም ጥቂት ዶላር ነው። ግን ቁርጡ ሲታወቅ ትርፉን ቀን ከአካውንታችሁ ገብታችሁ ሰርዙ። የእናንተ ባዶ ቦታ ከሌላ አገር እናቱን ይዞ ለመጣ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ሁሉም ካለቀስ? ተስፋ አትቁረጡ። ሰው በየዕለቱ ይሰርዛል፤ የተሰረዘው ተመልሶ ገጹ ላይ ይወጣል። ከጉብኝታችሁ ቀን በፊት ባለው ሳምንት፣ በተለይ በዋዜማው፣ ጠዋትና ማታ ገጹን እዩ። ለስድስት ሰው በአንድ ጊዜ ከመፈለግ ለሁለት ለሁለት መፈለግ ይቀላል። ለወላጆቻችሁና ለአንድ አስተርጓሚ ብቻ ከተገኘ ይውጡ፤ ዲሲ የምትኖሩት በሌላ ቀን ትመለሳላችሁ።

5. በኢንተርኔት ካልተገኘ፦ የዕለቱ ሰልፍ

በየቀኑ ለዚያው ቀን ብቻ የሚሆኑ ትኬቶች በነጻ ይታደላሉ። የሚታደሉት በሐውልቱ ምሥራቅ፣ 15ኛው ጎዳና ላይ፣ በማዲሰን ድራይቭና በጄፈርሰን ድራይቭ መካከል ባለችው ትንሽ የድንጋይ ቤት ነው። መስኮቷ የሚከፈተው ከጠዋቱ 2፡45 (በፈረንጅ 8፡45) ላይ ነው። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይወስዳል።

መክፈቻው ሰዓት ላይ ከደረሳችሁ በበጋ ዘግይታችኋል፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ተሰለፉ። አረጋውያኑን አታምጡ፤ አንድ ብርቱ ሰው ይሂድ። ለአንድ ሰው እስከ 6 ትኬት ስለሚሰጥ እሱ ለሁሉም ይወስዳል። የሚሰጣችሁ ሰዓት ወዲያው ላይሆን ይችላልና የቀረው ቤተሰብ ከቤት ስንት ደቂቃ እንደሚርቅ አስባችሁ ሰዓት ጠይቁ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከአሌክሳንድሪያ የሚመጣ ቤተሰብ ከደጅ እስከ ደጅ አንድ ሰዓት ተኩል ይያዝለት።

ይህች ቤት ሌላም ጥቅም አላት፦ መጸዳጃ ቤቱ እዚሁ ነው። ሐውልቱ ውስጥም ላይም መጸዳጃ የለም። ከመሰለፋችሁ በፊት ሁሉም፣ «አሁን አያስፈልገኝም» የሚለውም ጭምር፣ ደርሶ ይምጣ።

6. ቦርሳውን ከቤት አራግፉ

መግቢያው ላይ እንደ አውሮፕላን ማረፊያ ዓይነት ፍተሻ አለ፤ ዕቃ የሚቀመጥበት ቦታ ግን የለም። የማይገባ ነገር ከያዛችሁ ምርጫው ሁለት ነው፦ መጣል ወይም አንድ ሰው ውጭ መቅረት። ስለዚህ፦

- ምግብና መጠጥ አታምጡ። ለእንግዳ ተብሎ የተቋጠረው ዳቦ ቆሎና በፔርሙዝ የተቀዳው ሻይ መኪና ውስጥ ወይም ቤት ይቅር። በጾም ቀን ከ9 ሰዓት በፊት የማይቀምሱ ካሉ የጠዋቱን ሰዓት የምትይዙበት ሌላ ምክንያት ይህ ነው።
- ቢላ፣ መቀስ፣ በቁልፍ ማንጠልጠያ ላይ ያለች ትንሽ ሴንጢ፣ ዓይን የሚያቃጥል የመከላከያ ስፕሬይ ሁሉ ይቅሩ። ከእነዚህ ብዙ ሰው የሚረሳት ሴንጢዋን ነው።
- ሻንጣና ትልቅ የጀርባ ቦርሳ አይገባም። ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ እንዳትመጡ።
- የሕፃን ጋሪ አይገባም። ልጁን በአንቀልባ ያዙት።

መያዝ ያለባችሁ ጥቂት ነው፦ ትኬት፣ መታወቂያ፣ ስልክ፣ የሚወሰድ መድኃኒት፣ መነጽር፣ ቀላል ሹራብ። መነጽሩን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ላይ ደርሰው «የሩቁን የማይበት ቤት ቀረ» የሚሉ አባቶች ብዙ ናቸው። ሐውልቱ ቆሞ ያለው ጥላ በሌለው ጉብታ ላይ ስለሆነ በበጋ ፀሐዩ፣ በክረምት ንፋሱ ይበረታል። ኮፍያ ወይም ነጠላ ያስፈልጋል፤ ብረት የበዛበት ጌጥ ደግሞ ፍተሻውን ያዘገያል።

7. መንገዱ

ሜትሮ (የከተማው ባቡር) ይሻላል። የምትወርዱት ስሚዝሶኒያን ጣቢያ ነው፤ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማና ብርማ መስመሮች ይቆሙበታል። ከጣቢያው ስትወጡ «ሞል» የሚለውን መውጫ ተከተሉ፤ ወደ ኢንዲፔንደንስ ጎዳና የሚወጣውን አትያዙ። ከዚያ ሐውልቱን እያያችሁ ወደ ምዕራብ በአረጋዊ እርምጃ 15 ደቂቃ ያህል ትሄዳላችሁ፤ መጨረሻው ላይ ትንሽ ዳገት አለ።

- ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ቀዩን መስመር እስከ ሜትሮ ሴንተር፤ እዚያ ወደ ኒው ካሮልተን ወይም ወደ ዳውንታውን ላርጎ የሚሄደውን ያዙ፤ ሁለተኛው ጣቢያ ነው።
- ከአሌክሳንድሪያ ኪንግ ስትሪት፦ ሰማያዊው ሳይቀየር ያደርሳል።
- ከፎልስ ቸርች በኩል፦ ብርቱካናማው።

እንግዳው የሜትሮ ካርድ ባይኖረውም ንክኪ የሚቀበል የባንክ ካርድ በሩ ላይ ይሠራል፤ ለእያንዳንዱ ሰው ግን የየራሱ ካርድ ያስፈልጋል።

በአሮጌ መመሪያዎች ላይ የሚነበበውን ቀዩን የሰርኩሌተር አውቶቡስ አትጠብቁ፤ በ2024 መጨረሻ አገልግሎቱ ቆሟል። በመኪና ከመጣችሁ በአካባቢው ያለው ማቆሚያ ጥቂትና በሰዓት የተገደበ ነው። የሚሻለው አረጋውያኑን 15ኛው ጎዳና ላይ አውርዶ ሾፌሩ ራቅ ብሎ ከፍሎ ማቆም ነው። ሾፌሩም ትኬት ካለው 45 ደቂቃ አስቀድማችሁ ድረሱ።

8. ከፍተሻው እስከ ሊፍቱ

ትኬቱ ላይ ካለው ሰዓት 30 ደቂቃ ቀድማችሁ ሐውልቱ ሥር ሁኑ። ሁላችሁም አንድ ላይ ቁሙ፤ በአንድ ስልክ ላይ ስድስት ትኬት ካለ የተበታተነ ቤተሰብ ሰልፉን ያቆማል። ያስያዘው ሰው ከፊት ይሁን።

ፍተሻው የሚያልፈው በትንሽ ቡድን ነው። ኪስ አራግፉ፣ ቀበቶና ስልክ አስቀምጡ። የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተገጠመለት ሰው መግቢያው ላይ ለጠባቂው አስቀድሞ ይንገር፤ እንግሊዝኛ የማይችል ከሆነ እናንተ ከፊቱ ቁሙና ተናገሩለት። በዊልቼር ላለ ሰው ሊፍቱ ይመቻል፤ መራመድ የሚከብደው ሰው ካለ ገና ከታች ለሬንጀሩ (ለፓርክ አገልግሎቱ ሠራተኛ) ንገሩት።

ሊፍቱ ወደ ላይ ለመድረስ የሚፈጅበት 70 ሴኮንድ ያህል ነው። ከፍታና ጠባብ ቦታ የሚያስፈራው ሰው ካለ ከሁሉ መጨረሻ አስገቡት፤ በሩ አጠገብ ይቆማል፣ ሲከፈትም ቀድሞ ይወጣል።

9. 500 ጫማ፦ መስኮቶቹ

በየአቅጣጫው ሁለት፣ በጠቅላላው 8 መስኮቶች አሉ። ትናንሽ ናቸው፤ አንዱ ላይ ሰው ተደርድሮ ካያችሁ አትጠብቁ፣ ባዶውን ይዛችሁ ዙሩ።

በምሥራቅ የአሜሪካ ምክር ቤት ሕንጻ የሆነው ካፒቶሉና ከሁለት ወገን የተደረደሩት ሙዚየሞች አሉ። በምዕራብ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መታሰቢያ፣ ረጅሙ የውሃ ገንዳና የሊንከን መታሰቢያ በአንድ መስመር ይታያሉ። በደቡብ የጄፈርሰን መታሰቢያ፣ የቼሪው ባሕረ ውሃና ከወንዙ ማዶ ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ናቸው፤ በዚያው በኩል ራቅ ብሎ የአሌክሳንድሪያ ወገን ነው።

በሰሜኑ መስኮት ረጋ በሉ። ፊት ለፊት ዋይት ሃውስ አለ። ከጀርባው ወደ ሰሜን የሚዘረጋው 16ኛው ጎዳና ነው፤ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ይደርሳል። ከእሱ በስተቀኝ፣ ራቅ ብሎ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች የበዙበት 9ኛውና ዩ ጎዳና ያለበት ሰፈር ነው። ልጇ የት እንደምትኖር ለማታውቅ እናት «የኛ ቤት ወደዚያ ነው» ብሎ በጣት ማሳየት ከካፒቶሉ ይልቅ ይገባታል።

ለፎቶ፦ ፍላሹን አጥፉ፣ የስልኩን ሌንስ መስታወቱ ላይ አስጠጉ፣ በእጃችሁ ዙሪያውን ከልሉ። ካልከለላችሁ የራሳችሁ ጥላ ነው የሚወጣው። ጠዋት ምሥራቁ በፀሐይ ይነጣል፤ ምዕራቡ ይጠራል። ከሰዓት በኋላ ተቃራኒው ነው።

10. 490 ጫማ፦ ሙዚየሙ

ከመስኮቶቹ ፎቅ በአጭር ደረጃ ትወርዳላችሁ። ደረጃ የማይችል ሰው ለሬንጀሩ ይንገር። ሙዚየሟ ጠባብ ናት፤ ብዙ ሰው መውረጃ ሊፍት መጠበቂያ አድርጎ ያልፋታል፤ ይህ ያስቆጫል። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ለወላጆቻችሁ የምትነግሯቸውን አስቀድማችሁ ይዛችሁ ግቡ። ይህ ይበቃል፦

- ሐውልቱ የቆመው የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ለሆነው ለጆርጅ ዋሽንግተን መታሰቢያ ነው። ንድፉ የሮበርት ሚልስ ነው። የመሠረት ድንጋዩ ጁላይ 4 ቀን 1848 ተጣለ።
- በ1850ዎቹ ገንዘብ አለቀ፤ የእርስ በርስ ጦርነቱም ተጨምሮበት ሐውልቱ ከሩብ ብዙም ሳያልፍ ለሃያ ዓመት ያህል ቆመ። ሥራው ሲቀጥል ድንጋዩ ከሌላ ቦታ ስለመጣ ከ150 ጫማ በላይ ቀለሙ ይለያል። ይህን ከታች ሆናችሁ አሳዩዋቸው፤ ላይ ከወጡ አይታይም።
- ጫፉ ዲሴምበር 6 ቀን 1884 ተገጠመ። የጫፉ ቁራጭ አሉሚኒየም ነው፤ በዚያን ጊዜ ብርቅ ብረት ነበር።
- ቁመቱ 169 ሜትር ነው። ከሮም የተመለሰው የአክሱም ሐውልት ሰባት ጊዜ ቢደራረብ ነው የሚያህለው። አክሱም ግን ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተፈለፈለ ነው፤ ይህ ከ36,000 በላይ ድንጋይ ተካቦ የተሠራ ነው። ይህን የሰማ አባት ሙዚየሙን በሌላ ዓይን ያያል።
- ኦገስት 23 ቀን 2011 የመሬት መንቀጥቀጥ ድንጋዩን ሰነጣጥቆት እስከ ሜይ 2014 ተዘግቶ ተጠግኗል።

ለሙዚየሟ 15 ደቂቃ ስጡ።

11. ሲወርዱ

ሊፍቱ ሲወርድ በመስታወቱ በኩል የውስጡ ግድግዳ ይታያል። ክፍለ ግዛቶች፣ ከተሞች፣ ማኅበራትና የውጭ አገሮች የላኳቸው 193 የመታሰቢያ ድንጋዮች እዚያ ተገጥመዋል። በሩ ሲከፈት ወላጆቻችሁን መስታወቱ ፊት አቁሟቸው። ከኋላ የቆመ ሰው የሚያየው የሰው ማጅራት ብቻ ነው፤ ደግሞ ለማየትም መመለስ አይቻልም።

ሲበላሽ ምን ይደረግ

*ሰዓቱ አለፈ።* አትመለሱ፤ በቀጥታ ወደ ሬንጀሩ ሂዱና በትሕትና ጠይቁ። ቀጣዩ ቡድን ውስጥ ቦታ ካለ ሊያስገቧችሁ ይችላሉ፤ የማስገባት ግዴታ ግን የለባቸውም። አለመጨቃጨቁ ይጠቅማል።

*መብረቅ ወይም ኃይለኛ ንፋስ መጣ።* ጉብኝቱ ይቆማል። የዕለቱ ትኬት በራሱ ወደ ነገ አይዛወርም። በበጋ ነጎድጓድ የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ የጠዋት ትኬት ከዚህም ያድናል። ከተዘጋ እዚያው ቆማችሁ የሚቀጥሉትን ቀኖች በስልክ ፈልጉ።

*ስልኩ ባትሪ ጨረሰ።* የታተመው ቅጂ ለዚህ ነው። ካላተማችሁ ሌላው የቤተሰብ አባል ኢሜይሉ አስቀድሞ ተልኮለት ይሁን።

*አንዱ ሰው ላይ ደርሶ ፈራ።* ከመስኮቱ አርቁትና ወደ ሙዚየሙ ይውረድ። እዚያ ውጭው አይታይም፤ መውረጃ ሊፍቱም ከዚያው ይነሣል። ብቻውን አትላኩት።

*ሕፃኑ አለቀሰ፣ መጸዳጃም ተፈለገ።* መውረድ ነው። ከወረዱ በኋላ በዚያው ትኬት ተመልሶ መውጣት ስለማይታሰብ አንድ ወላጅ ይውረድ፣ ሌሎቹ ጉብኝቱን ይጨርሱ። መገናኛው 15ኛው ጎዳና ላይ ያለችው ቤት እንደሆነ ከመጀመሪያው ተነጋገሩ።

*ጨርሶ አልተሳካም።* እንግዳውን ከፍታ ሳታሳዩ አትመልሱ። በፔንሲልቬኒያ ጎዳና ላይ ያለው የድሮው ፖስታ ቤት ማማ 270 ጫማ (82 ሜትር) ላይ ከተማውን የሚያሳይ ሰገነት አለው። መግቢያው ነጻ ነው፣ ቀድሞ ትኬት መያዝ አያስፈልግም፤ የሚያስተዳድረውም ይኸው የፓርክ አገልግሎት ነው። ከፌዴራል ትራያንግል ሜትሮ ጣቢያ ጥቂት እርምጃ ነው፤ በሩ በ12ኛው ጎዳና በኩል ነው። የዕለቱን የመክፈቻ ሰዓት በገጹ ላይ አይታችሁ ሂዱ፤ ከዚያ ላይ ሐውልቱ ራሱ ሙሉ ቁመቱን ይዞ ይታያል፤ ይህ ደግሞ ሐውልቱ ውስጥ ሆኖ የማይገኝ ፎቶ ነው።